የድሮ ቮልስ መብራት ሽቦ ላይ እሳት የሚያስነሱ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ቮልስ ሲሮጥ ማየት ደስ ይላል። መኪናው ላይ በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሽቦው ነው። የነዳጅ ታንኩ ከፊት ኮፈኑ ስር ነው። ፊውዞቹና የመብራት ሽቦዎቹም ከዚያው አጠገብ ናቸው። እዚያ ቦታ ላይ «ለጊዜው» ተብሎ የሚሠራ ነገር ሁሉ ያስፈራል።

ከሁሉም የከፋው፣ ፊውዝ ሲበጠስ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ ነው። ብዙ ሰው ፊውዝ አምፖል የሚጠብቅ ይመስለዋል። የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። በነጩ፣ በ8 አምፔሩ ቦታ ቀዩን 16 መክተትም ያው ነው። ፊውዙ ደጋግሞ ከተበጠሰ የሆነ ቦታ ሽቦ ከቦዲ ጋር እየተነካካ ነውና መጀመሪያ እሱን ይፈልጉ።

ሁለተኛው፣ ኃይለኛ አምፖል በድሮው ሽቦ ላይ መግጠም ነው። በ12 ቮልት ሁለት ባለ 45 ዋት አምፖሎች 7.5 አምፔር ይስባሉ። ባለ 100 ዋት ሲሆኑ ወደ 17 ይጠጋል። ይህ ሁሉ በዳሽቦርዱ ማብሪያ ውስጥ ያልፋል። ጠንካራ መብራት ከፈለጉ ሪሌ ያስገቡ፤ ማለትም በማብሪያው ትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ መቀያየሪያ። ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ይምጣ፣ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይሁን። ፊውዙ ከፊት ከተገጠመ ከኋላ ወንበር ስር ካለው ባትሪ እስከዚያ ድረስ ያለው ሽቦ ጥበቃ የለውም።

የላላና የዛገ ማያያዣን መናቅ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ፊውዝ አያየውም። የላላ ቦታ ኤሌክትሪኩን ስለሚያግተው አምፔሩ አይጨምርም፤ ፊውዙም አይበጠስም። ሙቀቱ ግን እዚያች ነጥብ ላይ ይከማቻል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። ምልክቱ የደበዘዘ መብራት፣ የጠቆረ ማያያዣ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ነው። ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለልም ወደዚሁ ያመራል። ፕላስተሩ በሙቀት ይላቀቃል። በማያያዣ በደንብ ተጨምቆ ይሠራ።

ሽቦ በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ የላስቲክ ቀለበት ይኑረው፣ አለበለዚያ ብረቱ ይበላዋል።

መብራት ባይሆንም አንድ ነገር ልጨምር። የኋላው ወንበር ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፎች ከነካ ወንበሩ ራሱ ይቀጣጠላል። የባትሪው ክዳን ከጠፋ ሌላ ሳያገኙ ሰው ከኋላ አያስቀምጡ።

ሥራው ሲያልቅ መብራቱን ለ15 ደቂቃ አብርተው ማብሪያውን፣ ፊውዞቹንና ማያያዣዎቹን በእጅ ይዳስሱ። የሚያቃጥል ካገኙ ያጥፉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱና ያን ቦታ እንደገና ይሥሩት።