መወጣጫውን ሳናነሳ ያስተካከልንበት መንገድ

ልጆች ከትምህርት ቤታችን የገመድ መወጣጫ እየወደቁ ይጎዱ ነበር። "ይነሳና እንገላገል" ያሉም አልጠፉም። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ልጅ ከፍታን የሚለምደው እየወጣ ነው።

መጀመሪያ የጉዳት መዝገቡን አገላበጥኩ። አብዛኛው ጉዳት የደረሰው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከገመዱ መውረጃ ስር። ሄጄ አሸዋውን በእጄ ስጭር ወዲያው መሬት ነካሁ። ልጆቹ ሲዘሉ አሸዋውን ወደ ዳር ገፍተውታል፤ ከስሩ ያለው አፈር ድንጋይ ሆኗል። ጣጣው ከፍታው ሳይሆን ማረፊያው ነበር።

አሸዋውን አውጥተን በእንጨት ፍቅፋቂ ተካነው። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሞላን፤ ሲረገጥ መጠቅጠቁ አይቀርም፣ ከ23 በታች እንዲወርድ ግን አንፈልግም። ምሰሶው ላይ በቀለም መስመር አሰመርን። ፍቅፋቂው ከመስመሩ ከወረደ ይጨመራል፣ አለቀ። ዙሪያውን 1.8 ሜትር ያህል ባዶ ተውን፤ አጠገቡ የነበረው አግዳሚ ወንበርም ተነሳ።

ቀጥሎ ክፍተቶቹን ለካን። ከ9 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክፍተት ክፉ ነው፤ የልጁ ሰውነት ያልፍና ጭንቅላቱ ይቀረቀራል። እነሱን በጣውላ ዘጋን። ሻርፕና ማሰሪያ ያለው ኮፍያ አድርጎ መውጣትም ተከለከለ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

መምህራኑ "ተጠንቀቅ!" ብለው መጮህ ትተዋል። አሁን "ቀጣዩን እግርህን የት ልታሳርፍ ነው?" ይላሉ። ልጁ ቆም ብሎ ያያል፣ ከዚያ ይወጣል። ብሎኖቹና ገመዱ በየወሩ ይፈተሻሉ፤ ፍቅፋቂው ግን በየጠዋቱ መስተካከል አለበት።