በኢንፌክሽን መከላከል ሥልጠና ላይ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

የኢንፌክሽን መከላከልና መቆጣጠር ሥልጠና ሲባል ለብዙ ጤና ባለሙያ ቀድሞ የሚታየው አዳራሽ፣ ፕሮጀክተርና የሻይ ሰዓት ነው። «እጅ መታጠብማ እናውቃለን» ይላል። እውነቱን ነው፣ ያውቃል። የማያውቀው እጁ ነው።

ስላይድ ላይ መጨረስ

እጅ የሚማረው እየሠራ ነው። አንድ የምወደው ዘዴ አለ። በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር የሚያበራ ቅባት ለሠልጣኞች ይሰጥና እንደ ሳኒታይዘር እንዲያሹት ይደረጋል። ከዚያ ክፍሉ ይጨልምና እጆች መብራቱ ሥር ይገባሉ። ቅባቱ የደረሰበት ቦታ ቦግ ይላል፤ ያልደረሰበት ጨለማ ሆኖ ይቀራል። መዳፉ ብዙ ጊዜ ያበራል። አውራ ጣትና የጣት ጫፎች ግን ይዘለላሉ። ታካሚውን ቀድሞ የሚነካው ደግሞ ያው ጫፍ ነው! ስንት ዓመት የሠራ ሰው የራሱን አውራ ጣት አይቶ ዝም ሲል፣ ያን ዝምታ የሚያመጣ ስላይድ የለም።

ሰዓትም ይያዝ። በአልኮል ሲሆን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውኃና በሳሙና ሲሆን ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ነው። ሰከንዱ ሲቆጠር ምን ያህል እንደሚረዝም ሁሉም ይገረማል።

«እንዴት»ን አስተምሮ «መቼ»ን መርሳት

የዓለም ጤና ድርጅት አምስት ጊዜያት ብሎ ያስቀመጣቸው አሉ፦ ታካሚን ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ አሠራር ከሚጠይቅ ሥራ በፊት፣ ለሰውነት ፈሳሽ ከተጋለጡ በኋላ፣ ታካሚን ከነኩ በኋላና በታካሚው ዙሪያ ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ። «በኋላ» ብዙ አያስቸግርም፤ ሰው ለራሱ ይፈራል። የሚረሳው «በፊት» ነው። የልምምዱ ጊዜ እዚያ ላይ ቢበዛ ይሻላል።

ጓንትን የእጅ ንጽሕና ምትክ ማድረግ

ይሄ የሁሉም ስህተት አባት ነው። ባለሙያው ጓንት አድርጎ አንዱን አልጋ ይጨርሳል። መጋረጃ ይገፋል፣ ስልክ ያነሳል፣ ካርድ ላይ ይጽፋል፤ በዚያው ጓንት ወደ ቀጣዩ አልጋ። የራሱ እጅ ንጹሕ ስለሚመስለው ልቡ ሙሉ ነው። ጓንቱ ግን የነካውን ሁሉ ይዞ ዞሯል። ጓንት ለአንድ ታካሚ ነው። ሲወልቅም እጅ ሊበከል ስለሚችል፣ ካወለቁ በኋላ እጅ ማጽዳት ግድ ነው።

ማውለቁንም በደንብ እንለማመድ። መልበስ ማንም አያቅተውም፤ ሰው ራሱን የሚበክለው ሲያወልቅ ነው። ጓንቱ ላይ ቀለም ቀብታችሁ አስወልቁ። የመጀመሪያው ከውጭ በኩል አንጓ አካባቢ ተይዞ ይገለበጣል፤ ለሁለተኛው የተራቆተው ጣት ከውስጥ በኩል ይገባል። ቆዳ ላይ አንዲት የቀለም ነጠብጣብ ከታየች፣ እንደገና።

የጽዳት ሠራተኞችን ውጭ መተው

ሐኪሙና ነርሷ ተጠርተው፣ ወለሉን የሚያጸዳው ሰው ሳይጠራ ይቀራል። ክሎሪን የሚበጠብጠው ግን እሱ ነው። ደም ሲፈስ ክሎሪኑን ላዩ ላይ ማፍሰስ ብቻ አይበቃም፤ ደሙ ራሱ ኃይሉን ያዳክመዋል። ቀድሞ ይጠረግና ይጸዳ፣ ከዚያ ከበረኪና የተበጠበጠ 0.5 በመቶ ክሎሪን ይደረግ። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውኃ ነው። ይህችን «አንድ ለዘጠኝ» ሸምድዶ የጠርሙሱን ጽሑፍ አለማየት ሌላው ስህተት ነው። 3.5 በመቶ ከሆነ 1 እጅ በረኪና ለ6 እጅ ውኃ ይሆናል።

መርፌን መልሶ መክደን

«አትክደኑ» ማለት ብቻ አይሠራም። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን፣ ሴፍቲ ቦክሱ፣ ራቅ ካለ ሰው ይከድናል። ሳጥኑ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላም ይዘጋ።

ከፈተና በኋላ መበተን

የመጨረሻው ፈተና ውጤት ስለ ዋርድ ብዙ አይነግረንም። ከሳምንታት በኋላ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል፤ የሚታይ ሰው አደብ ስለሚገዛ ደግሞ አንዴ ማየት አይበቃም። ከሥልጠናው በፊትም ዋርዱን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ቧንቧው ውኃ አለው? ሳሙናው አላለቀም? ሳኒታይዘሩ አልጋው አጠገብ ነው ወይስ ስቶር ውስጥ ተቆልፎበታል?