በአዲስ አበባ ግቢ ለቤተሰብ የሚሆኑ የእንቁላል ዶሮዎችን ማርባት

በአዲስ አበባ ግቢው ውስጥ ለቤተሰቡ ፍጆታ ዶሮ ለማርባት የሚነሣ ሰው ከዝርያ ምርጫ በፊት ሊወስነው የሚገባው ቁጥሩን ነው። ለአንድ መካከለኛ ቤተሰብ 10 ዶሮ ይበቃል። እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ስለምትበላ 10 ዶሮዎች በወር እስከ 36 ኪሎ ግራም መኖ ይፈጃሉ፤ ይህን ወጪ እንቁላል በማይበላባቸው የጾም ሳምንታት ጭምር ሳያቋርጥ መሸፈን የሚከብደው ቤተሰብ በ5 ቢጀምር ይሻለዋል። መኖ የጎደለባት ዶሮ ቶሎ አትሞትም፤ እንቁላል መጣል ታቆማለች እንጂ። ባለቤቷም ችግሩ በሽታ መስሎት ለማያስፈልጋት መድኃኒት ገንዘቡን ያወጣል።

የአንድ ቀን ጫጩት ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ለጀማሪ አልመክረውም። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ያስፈልጋታል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ከተማችን፣ በተለይም በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ መብራት በጠፋበት አንድ ሌሊት ጫጩቶቹ እርስ በርስ ተደራርበው ሊያልቁ ይችላሉ። ስለዚህ 2 ወር የሞላቸውን ቄቦች ከታመነ አሳዳጊ መግዛት፣ ሲገዙም የትኛውን ክትባት መቼ እንደ ወሰዱ በጽሑፍ መቀበል ይገባል። ብዙ እንቁላል ለሚፈልግ ቦቫንስ ብራውን፣ እንቁላሉንም ሥጋውንም ለሚፈልግ ሳሶ ይስማማዋል። ቄቦች እንቁላል መጣል የሚጀምሩት ከ20ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ በጥር መጀመሪያ የተገዙት ዐቢይ ጾምን እያደጉ አሳልፈው በፋሲካ ሰሞን መጣል ይጀምራሉ፤ እኔ ከሁሉ የምመርጠው ወቅትም ይህ ነው።

ለ10 ዶሮ 2 ካሬ ሜትር ቤትና የሚንቀሳቀሱበት የታጠረ ሜዳ ያስፈልጋል። የቤቱ ግድግዳ ከታች ድፍን፣ ከላይ አየር የሚያስገባ የሽቦ ወንፊት ቢሆን መልካም ነው፤ ሸለምጥማጥ በጠባብ ቀዳዳ የመሹለክ ችሎታ ስላለው ግን ሽቦው ጥቅጥቅ ያለ፣ በሩም ማታ ማታ የሚቆለፍ መሆን አለበት። ለእያንዳንዷ ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆጥ፣ ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ ደግሞ አንድ ጨለም ያለ የእንቁላል መጣያ ሳጥን ይዘጋጃል። ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ሰጋቱራ ወይም ጭድ ደረቅ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ጎረቤትን የሚያስመርረው ሽታ የሚመጣው ከረጠበ ኩስ ነው፤ በክረምት ወራት ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያስከትለው ኮክሲዲዮሲስ የሚስፋፋውም በዚሁ እርጥበት ነው። በመጠጫው ዙሪያ የረጠበውን በየቀኑ አንሥቶ በደረቅ መተካት ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን በግቢ ርባታ ከእርሱ የሚበልጥ የዕለት ተግባር የለም።

መኖን በተመለከተ፣ ለእንቁላል ጣይ የተዘጋጀው የፋብሪካ መኖ ዋናው ምግባቸው ሲሆን ፉርሽካ፣ የጎመን ቅጠልና የወጥ ቤት ትርፍራፊ ተጨማሪ ብቻ ነው። የሻገተ በቆሎ ወይም ፋጉሎ (ዘይቱ የተጨመቀ የቅባት እህል ተረፈ) ፈጽሞ አይሰጥም። ንጹሕ ውኃ ቀኑን ሙሉ ሊለያቸው አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ፈንግል ነው። ይህ በሽታ ትንፋሽ እያሳጠረ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ እያስከተለ፣ አንዳንዴም አንገት እያጣመመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግቢውን ባዶ ሊያደርገው ይችላል፤ በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑም ብዙዎች ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አያድነውም። ብዙ ጊዜ ወደ ግቢ የሚገባው ለበዓል ተብሎ ከገበያ በሚገዛ ዶሮ አማካይነት ነው፤ ስለዚህ ለበዓል የተገዛ ዶሮ እስኪታረድ ድረስ ከቤት ዶሮዎች ጋር መዋል የለበትም፤ ለርባታ የተገዛም ከሆነ ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻው ይቆይ። መከላከያው በየ3 ወሩ የሚደገም ክትባት ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም የሚመረት ሲሆን አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃና አንዴ ከተከፈተ የማይቀመጥ ስለሆነ፣ ጎረቤታሞች ተነጋግረው በአንድ ቀን ቢያስከትቡ ወጪው ይቀልላቸዋል፤ በሽታውም ከግቢ ወደ ግቢ የሚተላለፍበት መንገድ ይጠባል። በመጠጥ ውኃ የሚሰጠው ክትባት ሕያው በመሆኑ በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ውኃው ክዳን በሌለው የፕላስቲክ ዕቃ ካደረ በኋላ በሊትር 2.5 ግራም ያህል ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት ይጨመርበታል። ዶሮዎቹ ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት ያህል ውኃ ሳያገኙ ይቆዩና ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ክትባቱ የተቀላቀለበትን ውኃ በ2 ሰዓት ውስጥ ጠጥተው እንዲጨርሱ ይደረጋል። ብልቃጡ ከተገዛበት ቦታ እስከ ቤት ድረስ በበረዶ መያዝ አለበት፤ በታክሲ ሙቀት ውስጥ የቆየ ክትባት መስጠት አለመስጠት ነው። የሞተን ዶሮ ቦይ ውስጥ መጣል በሰፈሩ ሁሉ ላይ የሚፈጸም በደል ስለሆነ በጥልቀት ይቀበር።

አውራ ዶሮ ለእንቁላል አያስፈልግም፤ ጫጩት ለማስፈልፈል ካልሆነ በቀር ቄብ ያለ አውራ ትጥላለች፤ በጋራ ግቢ የሚኖር ሰው አውራውን ቢተወው የጎረቤት እንቅልፍም ይጠበቃል። ኩሱ ከደረቅ ቅጠል ጋር ተከምሮ ለጥቂት ወራት ከበሰበሰ በኋላ ለጎመንና ለቆስጣ መደብ ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። እንቁላል በቀን ሁለት ጊዜ ይሰበሰባል፤ የሚቀመጠው እንቁላል አይታጠብም፤ ደረቅ ቆሻሻው ተፍቆ ሰፊው ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል።

አንድ ዓመት ገደማ ከጣሉ በኋላ እንቁላላቸው እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ዶሮዎቹን ለበዓል ወጥ ማዋል ተገቢ ሲሆን፣ ተተኪዎቹ ቄቦች አሮጌዎቹ ከመታረዳቸው 3 ወር ቀደም ብለው ተገዝተው በሌላ ቤት ማደግ አለባቸው፤ ወደ ዋናው ቤት የሚገቡትም አሮጌው ጉዝጓዝ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ወለሉ ታጥቦና ደርቆ፣ ቢያንስ 2 ሳምንት ባዶውን ከቆየ በኋላ ነው።