ያላያችሁትን በግ አትፈርሙ፤ ወረዳ ለተመደባችሁ አዲስ የእንስሳት ሐኪሞች

ከቢሾፍቱም ተመረቃችሁ ከጎንደር፣ የምደባ ደብዳቤያችሁን ይዛችሁ ወረዳ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትሰሙት ሞተር ሳይክሉ ነዳጅ እንደሌለው ነው። ስለ ሙያ ሥነ ምግባር የሚያነሳላችሁ ሰው አታገኙም። በምረቃችሁ ቀን የማላችሁት መሐላ መልካም ነው። ነገር ግን ነጋዴ የአይሱዙውን ሞተር ሳያጠፋ "ቶሎ ፈርሙልኝ" ሲላችሁ ምን እንደምትመልሱ መሐላው ላይ አልተጻፈም። እኔ ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ፣ ከሰው በግ በሚበዛበት አገር፣ ፀጉሬ እስኪሸብት የሠራሁ የወረዳ ሐኪም ነኝ። የማውቀውን እንደመጣልኝ እጽፍላችኋለሁ፤ ቅደም ተከተሉን አትጠይቁኝ።

ፊርማና ማህተም

ብዙ ወጣት ሐኪም የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ገና ወይም ፋሲካ ሲቃረብ በግ በአይሱዙ እየተጫነ ወደ አዲስ አበባ ይጎርፋል፤ ነጋዴውም የጤና ወረቀት ይፈልጋል። "ዶክተር፣ ተጭነዋል እኮ! አሁን አውርጄ እንደገና ልጫን ነው? ደህና ናቸው፣ አንቺ ብቻ ጻፊልኝ" ይላል። መልሱ አጭር ነው፦ "አውርድ።" አንድ ጊዜ ያወረደ ነጋዴ በሚቀጥለው ገበያ ሳይጭን ይመጣል። አላወርድም ካለ ወረቀት የለም። ጭቅጭቁ ሲሰለቸኝ "የጉዞ ወረቀት የሚሰጠው እንስሳቱ መሬት ላይ ሳሉ፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ብቻ ነው" የሚል ጽሑፍ የክሊኒኩ በር ላይ ለጠፍኩ። አሁን ነጋዴው የሚጣላው ከበሩ ጋር ነው።

በጎቹን በጠባብ በር አንድ በአንድ አሳልፏቸው። ወደ ኋላ የሚቀረውን፣ የሚያነክሰውን፣ ዓይኑና አፍንጫው የሚያዠውን፣ ጭራው ሥር በተቅማጥ የተለጠፈውን ለዩ፤ አፉንም ከፍታችሁ ቁስል እንዳለው እዩ። የተጠራጠራችሁትን በቴርሞሜትር ለኩት። የደህና በግ ሙቀት 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 41 ያሳየውን "የመንገድ ድካም ነው" ብላችሁ አትለፉት። ደስታ መሰል በሽታ (በግና ፍየልን የሚይዝ ተላላፊ በሽታ ነው) የያዘው አንድ ጠቦት ዛሬ መኪና ላይ ከወጣ ነገ አዲስ አበባ በግ ተራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ገዝቶት የት እንደሚወስደው ማንም አያውቅም።

ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን በአኃዝም በፊደልም ጻፉ፤ 15ን 150 የሚያደርግ እጅ ሞልቷል። ያልተሞላውን መስመር ሰርዙ። የተነሱበትን ቀበሌና የሚሄዱበትን ከተማ አስፍሩ፤ ቀሪውን ጥራዙ ላይ አስቀሩ። ባዶ ቅጽ ፈርሞ ለጸሐፊ እየተወ መስክ የሚወጣ ሐኪም አይቻለሁ። ለጊዜው ሁሉም ያመሰግነው ነበር።

ቄራም ላይ ያው ነው። "ዶክተር፣ ምሳ ይብሉ፣ ማህተሙን እኔ እመታዋለሁ" የሚል አራጅ አይጠፋም፤ ማህተሙ ከኪሳችሁ አይውጣ። እንስሳውን ሳይታረድ በፊት በቁሙ እዩት። ሳንባ ወይም ጉበት ለመጣል ስትወስኑ ባለቤቱን ጥሩትና ፊቱ ቆርጣችሁ ውሃ የቋጠረውን ከረጢት ወይም የጉበት ትሉን አሳዩት። በዓይኑ ያየ ሰው ቢቆጣም ተንኮል ሠሩብኝ አይልም። የተጣለውን ናፍጣ አፍስሱበትና ቅበሩት። ቄራ በር ላይ የሚተኙት ውሾች ያንን ሳንባ ከበሉት ትሉ ሆዳቸው ውስጥ አድጎ፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድራቸው ወጥቶ ለሰፈሩ ልጆች ይደርሳል፤ ያን ሁሉ ጠዋት የቆማችሁት በከንቱ ነው ማለት ነው። ልብን፣ ምላስንና የመንጋጋ ጡንቻን ስትፈትሹ ደግሞ ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ከረጢት እየፈለጋችሁ መሆኑን አስቡ። በዓል ነው፣ ሰልፍ ነው ተብሎ የሚዘለል ምርመራ አይደለም።

ቢጫው መርፌ

ገበሬ ክሊኒክ ሲመጣ ከሕመሙ በፊት መድኃኒቱን ይነግራችኋል። "ያንን ቢጫውን ውጊልኝ" ይላል፤ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ማለቱ ነው። ላም ከሳች ቢጫው፣ በግ አሳለ ቢጫው፣ አህያ አነከሰች ቢጫው። መርምሩና የማያስፈልግ ከሆነ አትውጉ። "እኛ ካልወጋንለት ገበያ ሄዶ ፀሐይ የመታውን ብልቃጥ ገዝቶ ራሱ ይወጋል" የሚል ክርክር ከባልደረቦቻችሁም ትሰማላችሁ። እውነት ነው፣ አንዳንዱ ይወጋል። ያም ሆኖ እኔ አልወጋም። ይልቅ ጊዜ ወስጄ ምን እንዳየሁና ለምን እንደተውኩት እነግረዋለሁ፤ የምርመራውን ብቻ አስከፍዬ የሚመለስበትን ቀን እቀጥርለታለሁ። ሁለት ሰዓት በእግሩ የመጣን ሰው በአንድ ቃል መሸኘት ነውር ነው። "ምንም ሳትሰጠኝ ገንዘቤን ተቀበለች" ብሎ የሚያወራም አለ፤ ያውራ።

ከሁሉ የሚከብደው ከመርፌው በኋላ ያለው ነገር ነው፦ መድኃኒቱ ከሥጋውና ከወተቱ እስኪወጣ መጠበቅ። ቀኑ እንደ መድኃኒቱና እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ሁልጊዜ ብልቃጡን አንብቡ። አይቨርሜክቲን የሚባለው የትልና የቅማል መርፌ ለምትታለብ ላም እንደማይሆን ያን ጊዜ ታዩታላችሁ። ለገበሬው "28 ቀን ጠብቅ" ብላችሁት ብቻ ከሄደ ግን እንዳልነገራችሁት ቁጠሩት። እኔ በበዓላት እቆጥርለታለሁ። መጋቢት 14 የተወጋች ላም፣ ብልቃጡ ለወተት 7፣ ለሥጋ 28 ቀን ካለ፣ ወተቷ እስከ መጋቢት ማርያም አይጠጣም፤ እሷም ሚያዝያ ሚካኤል ሳያልፍ አትታረድም። የማርያምን ቀን የሚረሳ ሰው እዚህ አገር የለም። ከቆላው ለሚመጡት ሙስሊም ደንበኞቼ በገበያ እቆጥራለሁ፦ "አራት ሰኞ ይለፍ።" ይህንኑ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡ፤ ቤቱ ማንበብ የሚችል ልጅ አለ። መዝገባችሁም ላይ የባለቤቱ ስም፣ ቀበሌው፣ የእንስሳው መልክ፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ መታረድ የሚቻልበት ቀን ይግባ።

ፈተናው በዓል ሲደርስ ይመጣል። ሰፈርተኛው ለቅርጫ በሬ ገዝቷል፤ በሬው ታመመ፣ ወጋችሁት፣ ዳነ። ሳምንት ሳይሞላው ፋሲካ ደረሰ። ሽማግሌው መጥተው "ልጄ፣ ሥጋ እኮ ይበስላል፣ ምን ይሆናል?" ይሏችኋል። ማብሰል የመድኃኒትን ቅሪት ያጠፋል ተብሎ አይታመንበትም፤ ደግሞም ግማሹ በጥሬው እንደሚበላ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። በዚህ ሰዓት መከራከር ዘግይቷል። ጥያቄው ከመርፌው መቅደም ነበረበት፦ "በሬው ለምን ተገዛ? መቼ ይታረዳል?" ለበዓል ነው ካሉ ያኔውኑ ምርጫውን አስቀምጡላቸው። አጭር ቀን የሚፈልግ መድኃኒት ካለ እሱን፤ ከሌለ በሬውን ከሌላ በሬ ጋር መለዋወጥ፤ ካልሆነም ቅርጫውን ማዘግየት። እኔ ጋ ብዙዎቹ ይለዋወጣሉ። በሬው ለእርሻ የሚፈልገው ሰው አያጣም።

ማዕዱና ጠቦቱ

ቤት ድረስ ሄዳችሁ ላም ካዋለዳችሁ እንጀራ ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል። ብሉ፣ ጠጡ፤ እምቢ ማለት ንቀት ነው። አረቄውን ግን ሞተር የሚነዳ ሰው ይተወው። ሲሸኟችሁ ጠቦት ወይም ዶሮ ካስያዟችሁ መልሱ። ማዕዱ ለማንኛውም እንግዳ ይቀርባል፤ ጠቦቱ ግን ለሐኪሙ የተለየ ነው፣ ነገ ወረቀት ሲፈልጉ የሚታወሰውም እሱ ነው። "ለልጆችሽ ነው" ሲሉ እኔ "ልጆቼ ሲያድጉ ይመጣሉ" እላለሁ፤ ስቀን እንለያያለን።

ዋጋ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ደረሰኝ ይቆረጥ። በዕረፍት ቀናችሁ የግል ሥራ ብትሠሩ የክሊኒኩን መድኃኒትና መርፌ ይዛችሁ አትውጡ። በሚስቱ ወይም በወንድሙ ስም የእንስሳት መድኃኒት ቤት ከፍቶ በሽተኛውን ሁሉ ወደዚያ የሚልክ ሐኪም በየከተማው አለ። ማዘዣ ላይ የመድኃኒቱን ስም ጻፉ፤ የሚገዛበትን ሱቅ ገበሬው ራሱ ይምረጥ። የራሳችሁን መድኃኒት ቤት ልትከፍቱ ካሰባችሁ 728/2004 ተብሎ የወጣውን የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ አስቀድማችሁ አንብቡ።

ለማን ምን ይነገራል

ወተት ሸጣ የምትኖር እናት ላሟ የውርጃ በሽታ ቢገኝባት፣ ጎረቤቷ "የእገሊት ላም ምን ሆነች?" ብላ ትጠይቃችኋለች። ለጎረቤት መልስ የለም። ለባለቤቷ ግን ሁሉንም ንገሯት፦ ወተቱ ሳይፈላ እንዳይጠጣ፣ የተጨነገፈውን ጽንስ በባዶ እጇ እንዳትነካ፣ ለውሻም እንዳትጥል። ለጽሕፈት ቤቱም ሪፖርት አድርጉ፤ ይህን እንደምታደርጉ እሷ ከእናንተው አፍ ትስማ።

አባ ሰንጋ ላይ ምስጢር የለም። በድንገት የሞተ፣ የተነፋ፣ ከአፍንጫው የማይረጋ ደም የሚፈሰው በሬ ካጋጠማችሁ አትክፈቱት፤ ቆዳውም አይገፈፍ። "ለምርመራ ትንሽ እንቅደደው" የሚል ባልደረባ ካለ አስቁሙት። በድኑ ሲከፈት ጀርሙ አየር አግኝቶ አፈሩ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የሚቆይ ዘር ይሆናል። ከጆሮው ሥር ትንሽ ደም በመስታወት ላይ መውሰድ ይበቃል። ሁለት ሜትር ተቆፍሮ ይቀበር፤ በዚያው ቀን ለወረዳውም ለጤና ጣቢያውም ይነገር። አስቸጋሪው ሰው ነው። ጎረቤት ሥጋውን ተከፋፍሎ ገንዘብ በማዋጣት የከሰረውን ይረዳል፤ ደግ ልማድ ነው። "ገንዘቡን አዋጡለት፣ ሥጋውን ተዉት" በሏቸው። እኔ ራሴ መዋጮውን ስጀምር አይቶ ያልተከተለ ሰፈር የለም።

ውሻ የነከሰው ሰው ወደ ጠበል እየሄደ ካገኛችሁት አትከራከሩት። ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ሩብ ሰዓት ያህል አሳጥቡት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ፤ ጠበሉንም ይጠመቅ።

በወረቀት የተከተበ በግ

የክትባት ዘመቻ ሲመጣ ዕቅድ ይመጣል፣ ከዕቅዱ ጋር "መቶ በመቶ" የሚል ስልክ። 100 በግ የሚከትብ ብልቃጥ ከፍታችሁ 60 ብቻ ከመጣ፣ ሪፖርቱ ላይ 60 ተከተበ፣ 40 ተጣለ ብላችሁ ጻፉ። የተበጠበጠውን ለነገ አታሳድሩት። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ያልተጠበቀ ክትባት ከተወጋ፣ በጉም አልተከተበም፣ ባለቤቱም ተከትቧል ብሎ ተዘናግቷል። ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ጠፍቶ ካደረ ያንኑ ጻፉና አለቃችሁ ይቆጣ። ደስታ በሽታ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከብቱን ጨርሶ ክፉ ቀን የተባለውን ረሃብ ያመጣ ነው። ዓለም ከሱ ነፃ መውጣቷ በ2003 ዓ.ም. የታወጀው ከክትባቱ በተጨማሪ በየበረሃው "አየሁ" ወይም "አላየሁም" ብለው በእውነት የጻፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ሌሎች ነገሮች

ወይፈን ሲኮላሽ በድንጋይ መቀጥቀጥ ይብቃ፤ ቡርዲዞ (ቆዳውን ሳይቆርጥ የዘር ገመዱን የሚጨፈልቅ መቆንጠጫ) አለ፣ ሊዶኬይን ሲኖራችሁ ደግሞ ቀድማችሁ አደንዝዙት። እግሯ የተሰበረ አህያ ለጅብ ከምትተው፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ በእጃችሁ አሳርፏት፤ በመድኃኒት ከሆነ ሬሳዋን አውሬ እንዳይበላው ቅበሩት። ባለቤቱ "እግዜር ይግደላት" ካለ አታስገድዱት፤ ሕመሟን ግን አስታግሱ።

ሌላ ሰው የጀመረውን ሕክምና ስትረከቡ "ማን ነው ይህን የሰጠው?" ብላችሁ ባለቤቱ ፊት አትጩኹ። ምን እንደተሰጠና መቼ እንደሆነ ጠይቁ፤ ለባልደረባችሁ በኋላ ለብቻው ንገሩት።

ሌሊት ስልክ ይደወላል። ምጥ የያዛት ላም ናት፤ የጥጃው አንድ እግር ብቻ ወጥቷል። በስልክ የምትሉት ትንሽ ነው፦ ብዙ ሰው ተሰብስቦ በገመድ እንዳይጎትታት። ሳታዩ መድኃኒት አትዘዙ። መምጣት ካልቻላችሁ ያኔውኑ ተናገሩ፤ "መጣሁ" እየተባለ የሚጠብቅ ሰው ሌላ ሐኪም የሚፈልግበት ሰዓት ያልፍበታል። የጎረቤት ወረዳውን ሐኪም ቁጥር ስጡት፤ ለሐኪሙም እናንተው ደውላችሁ ቀስቅሱት።