የክሌሜንቲ ስድስት ሶናቲናዎች (ኦፐስ 36)፦ ከየት መጡ፣ እንዴት ይጠናሉ?

ፒያኖ መማር ጀምሮ ትንሽ የተራመደ ሰው ከሙዚዮ ክሌሜንቲ ኦፐስ 36 (የሥራው ተራ ቁጥር ነው)፣ ማለትም ከስድስቱ ሶናቲናዎች (አጫጭር ሶናታዎች) አያመልጥም። ክሌሜንቲ እ.ኤ.አ. በ1752 ሮም ተወልዶ፣ ገና ልጅ ሳለ ፒተር ቤክፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ባለጸጋ ወደ ዶርሴት ወስዶ ያሳደገው ሰው ነው። ስድስቱን ሶናቲናዎች በ1797 ለንደን ውስጥ ሎንግማን ኤንድ ብሮደሪፕ የተባለው አሳታሚ አሳተማቸው። ከመጀመሪያውም ለተማሪ የተሰናዱ ናቸው፦ ከቀላል ወደ ከባድ ይሄዳሉ፤ የጣት ቁጥሩንም የጻፈው አቀናባሪው ራሱ ነው።

መጀመሪያ የያዙት ኖታ የትኛው እትም እንደሆነ ይለዩ። ክሌሜንቲ በ1820 ገደማ ሥራውን አሻሽሎ በድጋሚ አውጥቶታል። በመሃል ፒያኖ ወደ ላይ ተጨማሪ ቁልፎች ስላገኘ አንዳንድ ቦታዎችን አንድ ኦክታቭ (ስምንት ኖታ) ከፍ አደረጋቸው። ስለዚህ የእርስዎ ኖታ ከጓደኛዎ ቢለይ የኅትመት ስህተት ላይሆን ይችላል። የጥንቱን ኅትመት ቅጂ ከኢንተርኔት ካወረዱ ደግሞ ይጠንቀቁ፦ በእንግሊዝ በዚያ ዘመን አውራ ጣት በመስቀል ምልክት (+) ይጻፍ ነበር፤ 1 ማለት ሌባ ጣት ነበር (ዛሬ 1 አውራ ጣት ነው)። ይህን ሳያውቁ ከጀመሩ እጅዎ ከመጀመሪያው መስመር ይተሳሰራል። የሜትሮኖም (ምት ጠባቂው መሣሪያ) ቁጥር ካዩም በ1797ቱ ኅትመት ላይ እንዳልነበረ ይወቁ፤ ሜልዜል የተባለ ሰው ሜትሮኖሙን ያስመዘገበው በ1815 ነው።

አሁን ቁጥር 1፣ ሲ ሜጀር። የመጀመሪያው ክፍል (አሌግሮ) 38 ባር ብቻ ነው። አጀማመሩ ቀላል ስለሆነ ሁሉም ሰው በፍጥነት ይገባና ተከታታይ ስኬሉ ሲመጣ ይወድቃል። ፍጥነቱን የሚወስነው በጣም የሚያስቸግርዎ ባር እንጂ የመጀመሪያው ባር አይደለም። ያንን ባር ለይተው በቀኝ እጅ ብቻ፣ ሜትሮኖሙን ለአንድ ኳርተር (ሩብ ኖታ) 60 አድርገው ይጫወቱ። ሦስት ጊዜ ያለ ስህተት ካለፈ 4 ይጨምሩ። የተሰናከሉበት ቁጥር ላይ ሲደርሱ 8 ይቀንሱ፤ የዕለቱ የሙሉው ክፍል ፍጥነት ያ ነው። 126 አካባቢ ሲደርስ ሙዚቃው መልኩን ይይዛል።

ስኬሉ የሚሰናከለው አብዛኛውን ጊዜ አውራ ጣት ስለሚዘገይ ነው። ለማረጋገጥ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ብለው ሦስተኛው ጣት ኢ ላይ እንዳረፈ ይቁሙና እጅዎን ይመልከቱ። አውራ ጣትዎ በመዳፍዎ ሥር አልፎ ኤፍ ላይ ሆኖ መጠበቅ አለበት። ገና ሲ አጠገብ ካለ ክርንዎን ወደ ውጭ ገፍተው ይደርሱበታል፤ ከሌሎቹ ጎልቶ የሚሰማው ድምፅ ከዚያ ይመጣል።

ክፍሉን በሦስት ይክፈሉት፦ ከባር 1 እስከ 15፣ ከ16 እስከ 23፣ ከ24 እስከ 38። ልምምዱን ከመጨረሻው ይጀምሩ። ሁልጊዜ ከባር 1 የሚነሳ ሰው መጨረሻውን ሳያጠናው ይቀራል። ባር 16 ላይ ዜማው ወደ ሲ ማይነር ይዞራል፤ ኢ ፍላቱን እንዳይረሱ። ባር 24 ላይ ዋናው ዜማ ሲመለስ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ነው፤ በልማድ የሚሄድ እጅ ወደ ላይኛው ቦታ ይዘላል።

ምልክት የሌለባቸው ኖታዎች ተያይዘው (ሌጋቶ) ይጫወቱ። ክሌሜንቲ በ1801 ባሳተመው የፒያኖ ማስተማሪያ የመከረው ይህንኑ ነው፤ ስታካቶ (አጭር፣ የተቆራረጠ አጨዋወት) አልፎ አልፎ ሕይወት ለመስጠት ብቻ።

በሁለተኛው ክፍል፣ በአንዳንቴው (ኤፍ ሜጀር) የግራ እጅ ትሪፕሌቶች (በአንድ ምት የሚገቡ ሦስት እኩል ኖታዎች) ዜማውን ይውጡታል። ግራ እጅ ቁልፎቹን ድምፅ ሳያወጣ እየነካ፣ ቀኙ በሙሉ ድምፅ ይጫወት፤ ከዚያ ግራውን ቀስ በቀስ ያስገቡ። የመጨረሻው ክፍል (ቪቫቼ) 3/8 ነው፤ ሜትሮኖሙ በባር አንድ ጊዜ ብቻ ይምታ። በእያንዳንዱ ስምንተኛ ከቆጠሩ ዳንሱ ይጠፋል።

ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ለቁጥር 1 ይበቃል፤ ስታይሉን (ኪቦርዱ በራሱ የሚያሰማውን አጃቢ) ያጥፉ፣ የንክኪ መጠን መለያውን ያብሩ። ያለበለዚያ ቀስ ብለውም ጠንከር አድርገውም ቢነኩ ድምፁ አንድ ዓይነት ነው።

ቁጥር 2፣ 3 እና 4ን በተራቸው ይያዙ። ቁጥር 5ን ግን ከቁጥር 6 በኋላ ማምጣቱ ይሻላል። ቁጥር 6 (ዲ ሜጀር) ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ የቁጥር 5 ፕሬስቶ ግን በትሪፕሌት ይሮጣል፣ አንጓን ያደክማል። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ትሪፕሌት ኖታዎች በአንድ ላይ እንደ ኮርድ ይጫኑ፤ እጅዎ ቅርጹን ሲያውቅ ይበትኗቸው። ክንድዎ ላይ ሕመም ከተሰማዎት ወዲያው ያቁሙ፤ አንጓዎ ደርቋል ማለት ነው።