ከውጭ የገቡ ክፍሎች ባሉት የሙዚቃ መሣሪያ ላይ የስሪት አገር ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አንድ ኤሌክትሪክ ጊታር ፈታታችሁ ብታዩት የብዙ አገር ሥራ ልታገኙበት ትችላላችሁ። እንጨቱ ከአንድ አህጉር፣ መቃኛ ቁልፎቹ ከሌላ፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፒክአፕ ከሦስተኛ አገር የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ፒያኖማ ከዚህም ይብሳል። የብረት ፍሬሙ፣ የድምፅ ሰሌዳው፣ መዶሻዎቹና ክሮቹ ከየራሳቸው ፋብሪካ ሊመጡ ይችላሉ። መሣሪያው ላይ የሚጻፈው ግን ብዙውን ጊዜ የአንድ አገር ስም ነው። የትኛው ይጻፍ?

ጉዳዩ ለሠሪው፣ ለአስመጪውና ለሻጩ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ለገዢው ደግሞ የእምነት ጉዳይ ነው። ሰው መሣሪያ ሲገዛ የማን እጅ እንደሠራው ማወቅ ይፈልጋል፤ ለዚያም ብሎ ጨምሮ ይከፍላል። ስለዚህ የሚጻፈው ነገር እውነት መሆን አለበት። ስህተት ሁሉ ግን ከተንኮል አይመጣም። ሕጉን በግማሽ ማወቅም ያሳስታል። ከዚህ በታች በብዛት የማነሳው የአሜሪካን ሕግ ነው፤ የሌሎች አገሮችንም በየቦታው እጨምራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ጥያቄዎችን እንደ አንድ ማየት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሌሎቹም በአብዛኛው ከዚህ ይወለዳሉ።

በስሪት አገር ላይ ሁለት የተለያዩ ሕጎች አሉ። የመጀመሪያው የጉምሩክ ሕግ ነው። «ይህ ዕቃ የየት አገር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በአሜሪካ የ1930 የታሪፍ ሕግ አንቀጽ 304 ከውጭ የሚገባ ዕቃ የስሪት አገሩ በእንግሊዝኛ እንዲጻፍበት ያዛል። ጽሑፉ በግልጽ የሚታይ፣ የሚነበብና በቀላሉ የማይጠፋ መሆን አለበት። ይህ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ሸማቹን ከአሳሳች ማስታወቂያ የሚጠብቀው ሕግ ነው። እሱ ደግሞ «‹እዚህ አገር ተሠራ› ብለህ የመናገር መብት አለህ ወይ?» ይላል። አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚከታተለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነው። እዚያው አገር የተሠራ ጊታር ላይ «አሜሪካ ውስጥ የተሠራ» ብሎ እንዲጻፍ የሚያስገድድ የለም። ከተጻፈ ግን መስፈርቱ ከጉምሩኩ እጅግ የጠበቀ ነው።

ችግሩ የሚፈጠረው በሁለቱ መካከል ነው። አንድ ሠሪ ጥሬ እንጨትና ፒክአፕ ከውጭ ያስገባል እንበል። እንጨቱን ቆርጦ፣ ጠርቦ፣ አጣብቆ ጊታር ያደርገዋል። ጉምሩክ የሚያየው ዕቃው «በመሠረቱ ተለውጧል ወይ?» የሚለውን ነው። አዲስ ስም፣ አዲስ ባሕርይና አዲስ አገልግሎት ካገኘ ተለውጧል ይባላል። ይህ መመዘኛ ሲነሳ የሚጠቀሰው የ1940ው የጊብሰን-ቶምሰን ፍርድ ነው። ስሙ አያሳስታችሁ፤ ከጊታር አምራቹ ጊብሰን ጋር አይገናኝም። ክርክሩ ከውጭ ገብተው አሜሪካ ውስጥ ፀጉር በተተከለባቸው የብሩሽ እጀታዎች ላይ ነበር። ፍርድ ቤቱ እጀታው ወደ ሌላ ዕቃ ተለውጧል አለ። የእኛም ሠሪ እንጨቱን ጊታር ስላደረገው የውጭ አገር ስም መጻፍ አይጠበቅበትም።

ታዲያ እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ እርምጃ ይዘላል። «የውጭ ስም ካልጻፍኩ፣ ‹አሜሪካ ውስጥ የተሠራ› ማለት እችላለሁ ማለት ነው» ይላል። አይደለም! የመጀመሪያውን ጥያቄ ማለፍ ለሁለተኛው መልስ አይሆንም። ያ ጊታር ጉምሩክ ፊት ምንም ችግር የለበትም፤ ኮሚሽኑ ፊት ግን በፒክአፑ ብቻ ሊወድቅ ይችላል።

በካቻቢቴ መግጠምን እንደ መሥራት መቁጠር

የጊታሩ ገላ ተቀብቶ፣ አንገቱም ፍሬት (አንገቱን አቋርጠው የሚተከሉት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች) ገብቶለት ከውጭ ይመጣል። እዚህ በአራት ብሎን ይታሰራል። ሽቦው ይገናኛል፣ ክር ይገባል፣ ይቃኛል። ከዚያ «እዚህ ተሠራ» ይባላል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በመመሪያው ላይ የካቻቢቴ ሥራ ብሎ የሚጠራው ልክ ይህን ነው። «አሜሪካ ውስጥ የተገጣጠመ» ለማለት እንኳ አይበቃም ይላል። ያን ለመጻፍ ዋናው የመገጣጠም ሥራ እዚያ መሠራት አለበት፤ ሥራውም ከባድና ቁም ነገር ያለው መሆን አለበት። የአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ሕግም መንፈሱ ከዚህ አይርቅም። በአንቀጽ 60 መሠረት ከአንድ በላይ አገር የገባበት ዕቃ የሚቆጠረው የመጨረሻው ቁም ነገር ያለው ሥራ ለተሠራበት አገር ነው። ያ ሥራ በኢኮኖሚ ምክንያት ያለው፣ ለዚያ በተደራጀ ቦታ የተሠራ፣ አዲስ ምርት ያወጣ ወይም ትልቅ የምርት ደረጃ የሆነ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ የማዝንላቸው ሰዎች አሉ። ከውጭ የመጣ ጊታር ተቀብለው ፍሬቱን የሚያስተካክሉ፣ የክሩን ከፍታ የሚመጥኑ፣ ፋብሪካው የተወውን ጉድለት የሚያርሙ ባለሙያዎች። ሥራቸው እውነተኛ ጥበብ ነው፤ የማይመች ጊታር በእነሱ እጅ መጫወቻ ይሆናል። ግን ጊታሩ ሲመጣም ጊታር ነበር። አገሩ አይለወጥም። ለእነሱ የሚሻለው ሥራውን በስሙ መጥራት ነው። «ኢንዶኔዥያ ውስጥ የተሠራ፤ አሜሪካ ውስጥ በእጅ የተስተካከለና የተፈተሸ» ይጻፍ። አገሩ ይቅደም፤ ሁለቱም በአንድ መጠን ይጻፉ። ገዢው ለሁለተኛው ሐረግ በደስታ ይከፍላል ብዬ አምናለሁ፤ የሚያገኘው ነገር አለበትና።

«ከግማሽ በላይ ከሆነ ይበቃል» ማለት

ይሄ 50 በመቶ የሚባል ነገር ከአፍ አይጠፋም። ለሁሉም ገበያ የሚሠራ አንድ ቁጥር ግን የለም።

የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጭራሽ መቶኛ የለውም። ኮሚሽኑ በ1997 ያወጣው መመሪያ «ሙሉ በሙሉ ወይም ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ» የሚል ነው። በነሐሴ 2021 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ይህንኑ አጥብቆ ሦስት ነገር ጠየቀ። የመጨረሻው መገጣጠም አሜሪካ ውስጥ ይሁን። ዋና ዋናው ሥራ ሁሉ እዚያ ይሠራ። ክፍሎቹም ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ እዚያው የተሠሩና ከዚያው የተገኙ ይሁኑ። ደንቡን መጣስ ለእያንዳንዱ ጥፋት ከ50,000 ዶላር በላይ ሊያስቀጣ ይችላል። ካሊፎርኒያ ግን ለብቻዋ ቁጥር አላት። ከ2016 ጀምሮ የውጭው ክፍል ከምርቱ የጅምላ ዋጋ 5 በመቶ እንዳያልፍ ትጠይቃለች። ክፍሉ አሜሪካ ውስጥ የማይገኝ መሆኑ ከታየ እስከ 10 በመቶ ትፈቅዳለች።

ካናዳ ሌላ ናት። «የካናዳ ምርት» ለማለት ከቀጥተኛ ወጪው ቢያንስ 98 በመቶ የካናዳ መሆን አለበት። «ካናዳ ውስጥ የተሠራ» ለማለት 51 በመቶ ይበቃል። ግን «ከውጭ የገቡ ክፍሎች አሉት» ዓይነት ማብራሪያ አብሮ መጻፍ አለበት። በሁለቱም የመጨረሻው መሠረታዊ ለውጥ ካናዳ ውስጥ መፈጸም አለበት። ስዊዘርላንድ ከ2017 ጀምሮ ለፋብሪካ ምርት 60 በመቶ የማምረቻ ወጪና አንድ ዋና የማምረት ሥራ እዚያው እንዲሆን ትጠይቃለች። አውስትራሊያ ደግሞ የ50 በመቶ የወጪ መመዘኛ ነበራት፤ በ2017 አንስታ መሠረታዊ ለውጡን ብቻ ማየት ጀመረች። የአውሮፓ ኅብረት በአጠቃላይ የስሪት አገር ጻፉ ብሎ አያስገድድም። ከጻፋችሁ ግን ማሳሳት ክልክል ነው።

እንግዲህ ከወጪው 70 በመቶ የሠሪው አገር፣ 30 በመቶ የውጭ የሆነ ጊታር አስቡ። ካናዳ ውስጥ ከማብራሪያው ጋር ያልፋል። ስዊዘርላንድም ዋናው ሥራ እዚያው ከተሠራ ሊያልፍ ይችላል። አሜሪካ ግን ያለ ማብራሪያ አያልፍም። የወጪው ሠንጠረዥ አንድ ሆኖ ጽሑፉ በየገበያው ይለያያል ማለት ነው። ስለዚህ ካርቶን ከማሳተማችሁ በፊት የት እንደምትሸጡ ወስኑ።

የክፍሉን ክብደት በዋጋው ብቻ መለካት

«ከውጭ የገዛሁት ትንሽ ነገር ነው» ይባላል። ትንሽ በምን? ኮሚሽኑ ዋጋውን ያያል፤ ክፍሉ ለዕቃው ያለውን ፋይዳም ያያል። መመሪያው የወርቅ ቀለበትን ምሳሌ ያደርጋል። ወርቁ ከውጭ ከሆነ ቀለበቱን «አሜሪካ ውስጥ የተሠራ» ማለት ማሳሳት ነው፤ ቀለበቱ ወርቅ ነውና። የፕላስቲክ ሽፋን የተሠራበት ነዳጅ ከውጭ መምጣቱ ግን ከመጨረሻው ዕቃ በጣም የራቀ ስለሆነ ችግር የለውም።

ይህን ወደ መሣሪያ አምጡት። የጊታር ማንገቻ የሚታሰርበት ብሎን ከውጭ መሆኑ ማንንም አያስጨንቅም። የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕስ? በእኔ ግምት ድምፁ የሚወጣው በእሱ ስለሆነ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም ነገሩ ትንሽ አይደለም። የአኮስቲክ ጊታር የፊት ሰሌዳና የፒያኖ የመዶሻ ሥርዓትም እንደዚያው ናቸው። መውጫው ቀላል ነው። «ከአሜሪካና ከውጭ ክፍሎች አሜሪካ ውስጥ የተሠራ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ እውነት እስከሆነ ድረስ ሕጉ ይቀበለዋል። ብዙ ሠሪዎች ይህን ሐረግ እንደ ሽንፈት ያዩታል። እኔ የበለጠ የማምነው ግን እሱን የጻፈውን ሠሪ ነው።

የእንጨቱን አገር ከመሣሪያው አገር ጋር ማምታታት

ሮዝውድ የሚባለው ለጊታር የሚሆን እንጨት ከህንድ መጣ ማለት ጊታሩ የህንድ ነው ማለት አይደለም። ግን የእንጨቱ አገር ይረሳ ማለትም አይደለም። በ2008 የተሻሻለው የአሜሪካ የሌሲ ሕግ በሚሸፍናቸው የእንጨት ዕቃዎች ላይ አስመጪው የዛፉን ዝርያና ዛፉ የተቆረጠበትን አገር እንዲያሳውቅ ያዛል። ጊብሰን ከማዳጋስካርና ከህንድ ባስገባው እንጨት ምክንያት በ2009 እና በ2011 ተፈትሾ በ2012 ጉዳዩን 300,000 ዶላር ከፍሎ ዘግቷል። የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ በሆነው ዝርዝር ውስጥ ነው። ሌሎቹ የሮዝውድ ዝርያዎች በ2017 ቁጥጥር ሥር ገቡ፤ ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ግን በኅዳር 2019 ነፃ ሆኑ። ይህ ነፃነት የብራዚሉን አይጨምርም። የስሪት አገር ጽሑፉ ትክክል ስለሆነ የእንጨቱ ወረቀት አያስፈልግም የሚል ሰው ወደብ ላይ ይቆማል።

ጽሑፉን ለይስሙላ መለጠፍ

ገዢው ጋ ሳይደርስ የሚላቀቅ ስቲከር፣ ከአንገቱ ሥር የተደበቀ ፊደል፣ ካርቶኑ ላይ ብቻ የቀረ ስም። መመዘኛው የመጨረሻው ገዢ ማየቱ ነው። ጊታሩ በታሸገ ካርቶኑ ገዢው ቤት የሚደርስ ከሆነ ካርቶኑ ላይ መጻፉ ሊበቃ ይችላል። ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ የሚሸጥ ከሆነ ግን መሣሪያው ራሱ ላይ መኖር አለበት። የጊታሩ ራስ ላይ ገዢውን ሊያሳስት የሚችል የሌላ ቦታ ስም ካለ፣ «የተሠራው በ...» የሚለው ጽሑፍ እዚያው አጠገብ በተመጣጣኝ መጠን መጻፍ አለበት። የቦታው ስም የንግድ ምልክቱ አካል ከሆነ ደንቡ ትንሽ ይላላል።

ሳይጻፍበት የገባ ዕቃ በወቅቱ ካልተስተካከለ፣ ካልተመለሰ ወይም ካልተወገደ ከዋጋው 10 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ይጣልበታል። ጽሑፉን ለመደበቅ ሆን ብሎ መፋቅ ደግሞ ወንጀል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት እስከ 100,000 ዶላር ወይም እስከ አንድ ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል።

እዚህ ላይ ትናንሽ አምራቾችን የሚጥል አንድ ነገር አለ። ለራሳቸው ሥራ ብለው በጅምላ መቃኛ ቁልፍ ወይም ክር ያስመጣሉ። የተረፈውን በትናንሽ ከረጢት አድርገው በችርቻሮ ይሸጣሉ። ያኔ ያ ዕቃ ምንም አልተለወጠም፤ የመጨረሻው ገዢም እነሱ አይደሉም። አዲሱ ከረጢት ላይ የስሪት አገሩ መጻፍ አለበት።

በባንዲራ መናገር

ባንዲራ፣ ካርታ ወይም «እዚህ የተነደፈ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ሳይናገር ይናገራል። ካታሎጉና የኦንላይን ሽያጭ ገጹም ከቁጥጥር ውጭ አይደሉም። ንድፉ እዚህ ከሆነ ንድፉ ብቻ እዚህ መሆኑ ይታወቅ።

የቫዮሊን ውስጥ ወረቀትን ማመን

ያገለገለ መሣሪያ የሚሸጡ ሰዎች በብዛት የሚወድቁበት ነው። የታዋቂውን ጣሊያናዊ ቫዮሊን ሠሪ የስትራዲቫሪን ስምና የከተማውን የክሬሞናን ስም የያዘ ወረቀት ያለባቸው በጣም ብዙ ቫዮሊኖች ጀርመንና ፈረንሳይ ውስጥ በፋብሪካ የተሠሩ ናቸው። ወረቀቱ የሚያመለክተው ሠሪው የቀዳውን ቅርጽ ነው። የአሜሪካ የ1890 የታሪፍ ሕግ የስሪት አገር እንዲጻፍ ስላስገደደ ከ1891 ጀምሮ ወደዚያ የተላኩ ብዙ መሣሪያዎች የአገር ስም አላቸው። «ቼኮዝሎቫኪያ» የሚል ካለ ከ1918 በኋላ ነው፤ «ምዕራብ ጀርመን» የሚል ካለ ከ1949 ወዲህ። ስም አለመኖሩ ግን ከ1891 በፊት መሠራቱን አያረጋግጥም። ወረቀት ይላቀቃል፤ ለሌላ ገበያ የተሠራም አለ። በማስታወቂያችሁ ላይ «ውስጡ ይህ ወረቀት አለ» በሉ፤ «የክሬሞና ነው» አትበሉ።

አቅራቢ ሲቀየር ጽሑፉን መርሳት

አምና ፒክአፑ አገር ውስጥ ይጠቀለል ነበር። ዘንድሮ ከውጭ ይመጣል። ካርቶኑ ግን የአምናው ነው። በ2024 ትራክተር አምራቹ ኩቦታ ከውጭ የመጡ መለዋወጫዎችን «አሜሪካ ውስጥ የተሠራ» በማለት ተከሶ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ደንቡ ለትራክተር መለዋወጫም ለጊታርም አንድ ነው። እያንዳንዱ አቅራቢ የሚሸጥላችሁ ክፍል ስንት በመቶው ከየት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ አገር ውስጥ ካለ ሱቅ ስለገዛችሁት የአገር ውስጥ ነው አትበሉ። ወረቀቱን ከሴሪያል ቁጥሮቹ ጋር አስቀምጡ። አዲሱ ክፍል የገባበት የመጀመሪያው ጊታር ከመታሸጉ በፊትም አዲሱ ጽሑፍ ታትሞ ይድረስ።