የቲነሩ ሽታ ሲለመድ

አዲስ አገር ገብቶ የመጀመሪያ ስራውን ያገኘ ሰው ስለ ሽታ አይጨቃጨቅም። ኪራይ ይጠብቀዋል፣ በአገሩ ቋንቋም ገና አፉን አልፈታም። አለቃው ባልዲና ጨርቅ ሲያቀብለው ተቀብሎ መፈተግ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የእንጨት ዕቃ ቫርኒሽ የሚቀባበት ትንሽ ወርክሾፕ ገባሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሽታው ጠፋ። "ለመድኩት" ብዬ ደስ አለኝ።

ሽታው ግን የትም አልሄደም። የደከመው አፍንጫዬ ነው። ሽታ ስለጠፋ አየሩ ንጹህ ሆነ ማለት አይደለም።

የማወራው አሟሚ ስለሚባሉት ፈሳሾች ነው። ቲነር፣ የቀለም ማስለቀቂያ፣ የማሽን ቅባት ማጠቢያ፣ የወለል ምንጣፍ ማጣበቂያ፣ የማተሚያ ቤት ቀለም፣ የድራይ ክሊን ፈሳሽ፣ ጥፍር ቤት የሚሰራበት ሁሉ። አዲስ መጪ ቶሎ ስራ የሚያገኝባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ነገሩን የኛ ጉዳይ የሚያደርገውም ይሄ ነው። ውስጣቸው ቶሉዊን፣ ዛይሊን፣ ሄክሴን፣ ስታይሪን ወይም ሌላ ይኖራል። ስማቸው ቢለያይም ጠባያቸው ይመሳሰላል። ቶሎ ይተናሉ፣ ስብ ያሟማሉ። ተኑ በሳንባ ወደ ደም ይገባል፣ ከደም ደግሞ ስብ ወደ በዛበት ቦታ ይሄዳል። አንጎልና ነርቭ ደግሞ ስብ የበዛባቸው ናቸው።

ፈረቃው ሲያልቅ ሳይጠጡ ሞቅ ያለ መምሰል፣ ማዞር፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ሊመጣ ይችላል። ንጹህ አየር ሲያገኙ ይለቃል። ሰው የሚዘናጋውም ስለሚለቅ ነው። ለዓመታት በብዛት ሲተነፈስ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። መርሳት፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ በትንሽ ነገር መናደድ፣ እንቅልፍ ማጣት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስካንዲኔቪያ ውስጥ (እንደ ስዊድንና ዴንማርክ ባሉ የሰሜን አውሮፓ አገሮች) ለዓመታት ቀለም ሲቀቡ የኖሩ ሰራተኞች ላይ ይህ በብዛት ስለታየ "የቀለም ቀቢዎች በሽታ" እስከ መባል ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የዓለም ጤና ድርጅት ከሰሜን አውሮፓ (ኖርዲክ) አገሮች ጋር ባለሙያዎችን ኮፐንሃገን ላይ ሰብስቦ በሽታውን በደረጃ ከፋፈለው። አንድ ክፍል ቀባሁ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ጉዳዩ የዓመታት ነው። ከስራው ሲወጡ ብዙውን ጊዜ መባባሱ ይቆማል። የሄደው ሁሉ ይመለሳል ማለት ግን አይደለም።

ሄክሴን ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። ከእግር ጣቶች ይጀምራል፤ መደንዘዝ፣ መውረር፣ ከዚያ ጉልበት ማጣት። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ቻይና ሱዙ ከተማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የስልክ ስክሪን ማጽጃው ከአልኮል ወደ ሄክሴን ተቀየረ። ምክንያቱ ቶሎ ስለሚደርቅ ስራው እንዲፈጥን ነው። ከ100 በላይ ሰራተኞች ነርቫቸው ተጎዳ። የሄክሴን ክፋቱ፣ ስራውን ካቆሙ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊብስ መቻሉ ነው። ስለዚህ እግር ሲደነዝዝ "ቆሜ ስለዋልኩ ነው" ብሎ ማለፍ ጥሩ አይደለም።

አሁን የኛን ነገር ላንሳ። አንድ ስደተኛ እንቅልፍ ሲያጣና ሲነጫነጭ ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ "ናፍቆት ነው፣ ጭንቀት ነው።" ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። በእረፍት ቀን ይሻላል ወይ? ከረጅም እረፍት በኋላ ስራ በተመለሱ ቀን ራስ ምታቱ አብሮ ይመለሳል ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ጣሳውን ጠርጥሩ። ለውጡን ቀድሞ የሚያየው ደግሞ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚኖር ሰው ነው። ባለቤታችሁ "ተለወጥክ" ስትልህ ወይም "ተለወጥሽ" ሲልሽ አትቆጡ፤ ስሙ።

ስለ መከላከያ ጥቂት ልበል። የአቧራ ማስክ ተን አያስቀርም፤ ለአሟሚ ተን የተሰራ ካርትሪጅ (ተኑን የሚይዝ ማጣሪያ) ያለው ማስክ ያስፈልጋል፣ ካርትሪጁም በየጊዜው ይቀየራል። ቀጭን የላቴክስ ጓንት ብዙዎቹን ፈሳሾች በደቂቃዎች ያሳልፋል። እጅን በቲነር መታጠብ ይቅር፤ በቆዳም ይገባል። ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ ታንከር ውስጥ ሰው ቢወድቅ ዘላችሁ አትግቡ፣ ለእርዳታ ሰው ጥሩ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ደግሞ ቀን ሳትቆጥር ለሐኪሟም ለአለቃዋም ትንገር። ቶሉዊን ከማሽን ጩኸት ጋር ሲደመር የመስማት ችሎታንም ይጎዳል፤ ይሄን የሚያውቅ አለቃ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከሁሉ ይበልጥ የምለምናችሁ ግን ጣሳውን ፎቶ አንሱ ነው። ቀይ ጠርዝ ያለው አልማዝ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ ኮከብ የፈነዳ የሚመስል የሰው ምስል ካያችሁ፣ ቆይቶ የሚመጣ ጉዳት አለ ማለት ነው። ከዚያ የምርቱን የደህንነት መረጃ ሰነድ ጠይቁ። በብዙ አገር አሰሪው ይህን የማሳየት ግዴታ አለበት። 16 ክፍል አለው፤ ሁሉን ማንበብ አይጠበቅባችሁም። 2ኛው አደጋውን፣ 3ኛው ውስጡ ያለውን፣ 8ኛው የትኛው ጓንትና ማስክ እንደሚሆን ይነግራችኋል። አለቃን ብቻችሁን መጠየቅ ከከበዳችሁ ከአንድ ባልደረባ ጋር ሂዱ። "መስራት አልፈልግም" ሳይሆን "ይሄ በውሃ የሚሰራ አይነት የለውም ወይ?" በሉ። ማስክ ከመጨመር ፈሳሹን መቀየር ይሻላል።

ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ከ300 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ በፊት፣ ሐኪም ሁሉ ታማሚውን "ስራህ ምንድን ነው?" ብሎ እንዲጠይቅ መክሮ ነበር። ዛሬም ብዙዎቹ አይጠይቁም። እናንተ ቀድማችሁ ንገሩ። የምርቱን ስም፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ መስኮት ነበር ወይስ አልነበረም። ፎቶዎቹንና ማስታወሻውን ከደመወዝ ወረቀታችሁ ጋር አንድ ቦታ አስቀምጡ። ስራ ስትቀይሩም አታጥፏቸው፤ ወርክሾፑ ሊዘጋ ይችላል፣ ነርቩ ግን ከእናንተ ጋር ነው የሚሄደው።